ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ

በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ስንነዳ ያረጀን ኢትዮጵያውያን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ስንጠጣ፣ ከአገር ቤት ወሬ ቀጥሎ የምናነሣው የመንጃ ፈቃድ እድሳትን ነው። ዲሲ የሚኖረው ወዳጃችን 70 ዓመት ስለሞላው ለመንዳት ብቁ ነው የሚል የሐኪም ማረጋገጫ ይጠየቃል። ቨርጂኒያ 75 የሞላን ደግሞ ፈቃዳችንን ቤት ተቀምጠን ማደስ አንችልም፤ በአካል ቀርበን ዓይናችንን እንታያለን። ይህ የዕድሜ ገደብ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ 80 ነበር። ሜሪላንድ ላይ ግን ከ40 ዓመት ጀምሮ ሁሉም ሲያድስ ዓይኑን ይታያል፤ ዕድሜ ብቻውን ግን ሰውን እንደገና ለመፈተን ምክንያት እንደማይሆን በሕግ ተጽፏል። አንድ ወንዝ የሚለያየን ሰዎች የምንዳኘው በሦስት ዓይነት ሕግ ነው።

እኔ የሜሪላንዱ ይበልጥብኛል፤ ታሪኩም ረጅም ነው። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1947 አሽከርካሪዎችን የሚመለከት የሐኪሞች ቦርድ አቋቋመች፤ በአሜሪካም የመጀመሪያው እሱ ነበር። የሚጥል በሽታ፣ ስትሮክ፣ ስኳር ወይም የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ፋይል ለሐኪሞቹ ይቀርባል። እነሱ የሚያዩት ሕመሙንና ሰውዬውን ነው። የ30 ዓመት ወጣትም ይቀርባል፣ የ80 ዓመት አዛውንትም ይቀርባል። ምክራቸውም ሁልጊዜ «ይነጠቅ» አይደለም፤ ቀን ቀን ብቻ ይንዳ የሚባልም አለ።

የዓይኑ ምርመራ ግን ከመኪናም ይቀድማል። ሆላንዳዊው የዓይን ሐኪም ሄርማን ስኔለን የፊደል ሰሌዳውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1862 ነው፤ ያኔ በዓለም ላይ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና አልነበረም። ዛሬም ቨርጂኒያ የምትጠይቀን 20/40 የሱ ልኬት ነው፤ ጤነኛ ዓይን ከ40 ጫማ የሚያነበውን እኛ ከ20 ጫማ ማንበብ አለብን ማለት ነው። ዲኤምቪ፣ ማለትም መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት፣ ሄዳችሁ ተራችሁ ሲደርስ ግንባራችሁን ከመሣሪያው ላይ ትደግፋላችሁ፤ ውስጡ መብራት ይበራል፣ ፊደሎቹን በተርታ ታነባላችሁ። ቀጥሎ በግራና በቀኝ ትንንሽ መብራቶች ብልጭ ሲሉ በየት በኩል እንዳያችሁ ትናገራላችሁ። እኔ ከፊደሉ ይልቅ ይህን ነው የማከብረው። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የጎን እይታን ከመስረቅ ነው፤ እግረኛም ከጎን ነው ዘው የሚለው። ስንት ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ይህን ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሳንታ ሞኒካ ውስጥ አንድ የ86 ዓመት አዛውንት መኪናቸውን ገበያ መሐል ነድተው 10 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በየቦታው የሽማግሌዎች መንጃ ፈቃድ ጉዳይ ተነሣ። የሞቱትን ሳስብ «አትመርምሩኝ» ለማለት አፌ አይደፍርም። ጓደኞቼም ቢሆኑ ምርመራውን አይጠሉም፤ የሚፈሩት ከምርመራው በኋላ ያለውን ቤት መዋል ነው። አንዲት እኅታችን እንዲያውም «ልጆቼ ቁልፉን ከሚነጥቁኝ ሐኪም ቢነግረኝ ይሻለኛል» ትላለች። እውነቷን ነው። ልጅ ቁልፍ ሲነጥቅ ቤተሰብ ይቀያየማል፤ ሐኪም ሲናገር ግን ነገሩ የሕክምና ጉዳይ ይሆናል።

ሕክምና ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ አብሮ መነገር አለበት። በአላባማ ተመራማሪዋ ሲንቲያ አውስሊና ባልደረቦቿ የዓይን ሞራ ያለባቸውን አዛውንት አሽከርካሪዎች ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳትመዋል፤ ሞራው በቀዶ ጥገና የተነሣላቸው ሰዎች የመኪና ግጭት ካልተነሣላቸው ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ነበር። እንግዲህ ፊደሉን ማንበብ ያቃተው ሰው ሁሉ መንዳት አበቃለት ማለት አይደለም። የዲሲው ወዳጃችንም ማታ ማታ የመኪና መብራት እየተበተነ ዓይኑን ይወጋዋል፤ ማረጋገጫውን የሚፈርምለት ሐኪም እንዳይደርስበት ቀጠሮውን ሲያስተላልፍ ከርሟል። አሁን ተስማምተናል፤ አስቀድሞ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይታያል፣ እኔ እወስደዋለሁ።