ማውንቴን ሳይክል ለዋግ ኽምራ መንገድ፦ ስትገዙ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ?

«ማውንቴን» ተብሎ የሚሸጥ ሳይክል ሁሉ ተራራ አይወጣም። ከተራራ መውረድማ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የተከዜ ግድብ ያቆመው ሐይቅ ደግሞ 1,100 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝቷል። በመሀል ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ ማለት ነው፤ የወረደ ደግሞ መልሶ ይወጣዋል። ከከተማ ስትርቁ የምታገኙት ኮረኮንችና ፒስታ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃ። ባሕር ዳር ሜዳው ላይ ያለ ችግር የሚውል ሳይክል እዚህ ሲመጣ ጉዱ ይታያል።

ስለዚህ ገበያ ላይ የምናያቸውን አዳዲስ ሳይክሎችና አብረዋቸው የሚገዙ ዕቃዎችን በመጀመሪያ እይታ እንዴት እንደምትመዝኑ ሰብሰብ አድርገን አቅርበናል። ሐሳባችን ባጭሩ ይሄ ነው፦ ከሁሉ በፊት ፍሬን፣ ቀጥሎ ማርሽ፣ ከዚያ ጎማ። ቀለሙና ሾኩ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

📌 ማውንቴን ሳይክል ከየት መጣ?

ነገሩ የተጀመረው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ታማልፓይስ በሚባል ተራራ አካባቢ ነው። ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸው አሮጌ ሳይክሎችን እያደሱ በአቧራማ ቁልቁለት ይወዳደሩ ነበር። ከ1976 ጀምሮ ይካሄድ የነበረው ዝነኛ ውድድራቸው «ሪፓክ» ይባል ነበር። ስሙ የወጣለት በፍሬን ምክንያት ነው። የዚያን ጊዜው ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሞዞው ውስጥ ያለው ግራሶ በሙቀት ይቃጠላል። ከዚያ ፈትቶ እንደገና ግራሶ መሙላት ግድ ነው፤ «ሪፓክ» ማለትም እንደገና መሙላት ነው። በ1977 ጆ ብሪዝ የተባለው ወጣት ለዚህ ሥራ ተብሎ የታሰበ ፍሬም ሠራ። በ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ ላይ ማውንቴን ሳይክል የሜዳሊያ ውድድር ሆነ።

እኛም ለሳይክል እንግዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ መጀመሪያ በተካፈለችበት ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች አሰልፋለች። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የጎደለን ዳገቱን የሚችል ጉልበት አይደለም፤ ዳገቱን የሚችል ሳይክል መርጦ መግዛቱ ላይ ነው።

📌 ገበያ ላይ ያሉት ሦስት ዓይነቶች

1. ፊትም ኋላም ሾክ ያለው ርካሽ ሳይክል። ፎቶ ላይ አንደኛ ነው፣ ሞተር ሳይክል ይመስላል። ስታነሱት ግን 18 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። የኋላው ሞላ ዳገት ላይ በረገጣችሁ ቁጥር ከፍ ዝቅ እያለ ጉልበታችሁን ይበላል። መጋጠሚያው ደግሞ ቶሎ ይላላል። አንዳንዶቹ ፍሬማቸው ላይ «ከመንገድ ውጭ አይነዳም» የሚል ትንሽ ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ተለጥፎባቸዋል። ፈልጋችሁ አንብቡት!

2. ፊት ብቻ ሾክ ያለው፣ አሉሚኒየም ፍሬም። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 15 ኪሎ ነው። የሚበላሽ ነገሩ ትንሽ ነው፤ ኋላው ድርቅ ስለሚል የረገጣችሁት ሁሉ ወደ ጎማው ይሄዳል። ለዋግ መንገድ እኛ የምንመክረው ይሄን ነው።

3. ከውጭ የመጣ ያገለገለ ሳይክል። ጥሩ ስም ያለው ዕቃ በቅናሽ ይገኛል። ግን ፍሬሙ ብየዳው ላይ መሰንጠቁን፣ ካቴናው መበላቱን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ካቴና ለመለካት ማስመሪያ ይበቃል፤ ከአንዱ ፒን መሀል ጀምራችሁ፣ መነሻውን ሳትቆጥሩ፣ እስከ 24ኛው ፒን መሀል ለኩ። አዲስ ካቴና ላይ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.5 አካባቢ ከደረሰ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል።

📌 ፍሬን፦ ሕይወት ያለችበት ቦታ

ቀላል ስሌት እናሳያችሁ። እናንተ 65 ኪሎ፣ ሳይክሉ 15፣ ዕቃው 5 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 85 ነው። ይህን ይዛችሁ 500 ሜትር ከፍታ ብትወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት ከ1 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ቀስ ብላችሁ ከወረዳችሁ ነፋሱ የሚወስደው ጥቂቱን ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ፍሬናችሁ ላይ ያርፋል። ከሰቆጣ ከፍታ እስከ ተከዜ ሐይቅ ደግሞ የዚህ እጥፍ ነው።

👉 ቸርኬውን በጎማ ቁራጭ የሚይዘው ፍሬን ለከተማ ይሆናል። ጭቃና ዝናብ ሲነካው ግን አያያዙ በጣም ይቀንሳል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቸርኬው ይግላል።

👉 በካቦ የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ለእኛ አካባቢ ጥሩ ሚዛን ነው። ካቦው ቢበጠስ ሌላ ይገኛል፣ የትኛውም ሳይክል ጠጋኝ ያውቀዋል።

👉 በዘይት የሚሠራው (ሃይድሮሊክ) ከሁሉም የተሻለ ይይዛል፤ በአንድ ጣት ይቆማል። ችግሩ ዘይቱ ሲያልቅ ነው። የሺማኖ ፍሬኖች የሚጠቀሙት ሚኒራል ዘይት ነው። ጋራዥ ውስጥ የምናገኘው የመኪና ፍሬን ዘይት ዶት ይባላል፤ ሌላ ነገር ነው። «ያው ፍሬን ዘይት ነው» ተብሎ ከተሞላ ውስጡ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ያበላሻቸዋል፣ ፍሬኑም መንገድ ላይ ሊከዳችሁ ይችላል። በተቃራኒው ዶት የሚጠቀሙ ፍሬኖችም አሉ፣ እነሱ ላይ ሚኒራል አይገባም። የትኛው እንደሚገባ እጀታው ላይ ወይም የዘይቱ ክዳን ላይ ተጽፏል። ሃይድሮሊክ ከገዛችሁ ትክክለኛውን ዘይትና አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ አብራችሁ ግዙ።

አነዳዱም ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» ብሎ የኋላውን ብቻ ይይዛል። እንዲያውም አብዛኛው የማቆም አቅም ያለው ፊት ላይ ነው። ሁለቱንም ያዙ፤ ኮረኮንች ላይ የፊቱን ለስለስ አድርጉ፣ ቂጣችሁን ወደ ኋላ ሳብ። ቁልቁለቱን ሙሉ ይዛችሁ አትውረዱ፤ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ሂዱ። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም እጀታው እየላላ ከሄደ ቁሙና ይብረድ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍሱ፣ ሊጣመም ይችላል።

📌 ማርሽ፦ «21 ማርሽ» የሚለው ጽሑፍ አይሸውዳችሁ

21 ማለት ፊት 3፣ ኋላ 7 ማለት ነው። ብዙዎቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ዳገት ላይ የሚያስፈልጋችሁ አንዱ ብቻ ነው፦ ከፊት ትንሹ፣ ከኋላ ትልቁ። ጥርሳቸውን ቁጠሩ።

ፊት 28፣ ኋላም 28 ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። በ26 ጎማ ይህ 2 ሜትር ገደማ ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ብትረግጡ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ተኩል አካባቢ ትሄዳላችሁ። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ይህን ፍጥነት መጠበቅ ከባድ ስለሆነ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ።

ውዱ ዘመናዊ ሳይክል ፊት አንድ ባለ 32 ጥርስ፣ ኋላ 12 ማርሽ ሆኖ ትልቁ 51 ጥርስ አለው። በ29 ጎማ አንድ ዙር 1.4 ሜትር ያህል ይወስዳችኋል፤ በዚያው እርግጫ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ የእግረኛ ፍጥነት።

አሁን ደግሞ ይህን እዩ፦ ፊት ትንሹ 24፣ ኋላ ትልቁ 34 የሆነ ተራ ባለ 21 ማርሽ፣ በ26 ጎማ፣ አንድ ዙሩ 1.45 ሜትር ነው። ከውዱ ጋር እኩል በሉት! በዚያ ላይ ባለ 7 ማርሽ ካቴና ከባለ 12ቱ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ሕጉ ቀላል ነው፦ የኋላው ትልቅ ጥርስ ከፊቱ ትንሽ ጥርስ በደንብ ይብለጥ። እኩል ከሆነ ለሜዳ ነው።

📌 ጎማ፣ ከመነዳሪና እሾህ

ሦስት መጠን አለ፦ 26፣ 27.5 እና 29። 29 ድንጋይና ጉድጓድ ላይ በቀላሉ ይንከባለላል፤ ለረጅም ሰው ይመቻል። 26 ደግሞ ዕድሜ ጠገብ ስለሆነ መለዋወጫው በየቦታው አለ። ወፍራም ጥርስ ያለውንና ስፋቱ ከ2 ኢንች የማያንስ ጎማ ምረጡ።

የመንፊያ ጫፉን (ቫልቩን) እዩ። እንደ መኪና ወፍራም ከሆነ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋላችኋል። ቀጭኑ ግን አስማሚ ካልያዛችሁ በስተቀር ጎሚስታ ቤት አይሠራም። ጎሚስታው ሲነፋም «እስከ 35 ፒኤስአይ» በሉት (2.4 ባር ገደማ ነው)። እንደ መኪና ጎማ ከተወጠረ ኮረኮንች ላይ ይዘላል፣ አይይዝም። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠንም አይለፍ።

ወደ ቆላው ስትወርዱ የግራር እሾህ አለ። ስለዚህ ባዶ እጅ አይወጣም፦ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ትንሽ መንፊያ፣ መጣበቂያ ከነማስቲሹ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ። ማንኪያ ያወጣል፣ ግን ከመነዳሪውንም ይበሳል።

📌 ሄልሜትና ሌላው ዕቃ

ከበጀታችሁ ላይ መጀመሪያ የሄልሜቱን ቀንሱ፤ በቀረው ሳይክል ግዙ። ውስጡ «ኢኤን 1078» ወይም «ሲፒኤስሲ» የሚል የደህንነት መለያ ይኑረው። ሳታስሩት ራሳችሁን ነቅንቁ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ መጠናችሁ አይደለም። ግንባር ይሸፍናል፣ ከቅንድብ በሁለት ጣት ከፍ ይላል። አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት ባይሰነጠቅም ይቀየራል፣ ውስጡ ያለው ፎም ሥራውን ጨርሷልና።

ጓንት ቅንጦት አይደለም፤ ስትወድቁ መጀመሪያ መሬት የሚነካው መዳፍ ነው። ከኋላ ቀይ መብራት ያዙ። ውሃ ደግሞ ከምታስቡት በላይ፣ ቆላው ይሞቃል።

📌 በቴሌግራም ስትገዙ

ሻጩን «ቆንጆ ፎቶ ላክልኝ» አትበሉት። እነዚህን ጠይቁ፦ የሁለቱ ፍሬኖች ቅርብ ፎቶ፣ የኋላ ማርሹ፣ የፍሬሙ ብየዳዎች፣ የሴሪያል ቁጥሩ፣ እንዲሁም ጎማዎቹ በአየር ላይ ሲዞሩ የሚያሳይ ቪዲዮ። ጎማው ግራ ቀኝ እያለ ከዞረ ቸርኬው ተጣሟል።

በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ የሚመጣ ከሆነ ዲስኩ ካርቶን ይልበስ። የሃይድሮሊክ ፍሬን ጎማው ወጥቶ ሳለ እጀታው እንዳይጨበጥ፤ ሸራዎቹ ተጣብቀው ይቀራሉ።

📌 ከመንዳታችሁ በፊት የ10 ደቂቃ ፍተሻ

✅ የፊት ሹካው ተገልብጦ አለመገጠሙን። ዲስክ ያለው ከሆነ ኮርቻው ላይ ሆናችሁ ስታዩ የፊት ፍሬኑ በግራ በኩል መሆን አለበት። በስተቀኝ ካገኛችሁት ሹካው ተገልብጦ ሊሆን ይችላል።
✅ የግራ ፔዳል በተቃራኒው ነው የሚጠብቀው፣ ወደ ግራ በማዞር። ይህን ሳያውቅ በኃይል የሚያስር ሰው ጥርሱን ይበላዋል።
✅ የትኛው እጀታ የፊት ፍሬን እንደሆነ። ከአገር አገር ይለያያል፤ ቁልቁለት ላይ ሆኖ መማር የለም።
✅ የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደ ፊት ግፉት። መሪው ሥር «ቀጭ» ካለ ኩሽኔታው ላልቷል።
✅ ሁሉንም ራጅ በጣት ነካ ነካ። የላላው ድምፁ ይለያል።
✅ የጎማዎቹ ማሰሪያ በደንብ መዘጋቱን።

📌 የመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች

አዲስ የዲስክ ሸራ ወዲያው አይይዝም። ሜዳ ላይ ፈጠን እያላችሁ 20 ጊዜ ያህል ቀስ በቀስ አቀዝቅዙ፣ ሙሉ ለሙሉ ሳትቆሙ። ከዚያ በኋላ ነው ቁልቁለት። አዲስ ካቦ ይላላል፣ አዲስ ራጅም ይላላል፤ ስለዚህ 100 ኪሎ ሜትር ሲሞላ አንዴ ለጠጋኝ አሳዩት። ካቴናው ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታድርጉ። አቧራ ይሰበስብና እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጥቂት ንጹሕ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ።

ለመጀመሪያ ሙከራ ሩቅ አትሂዱ። ከሰቆጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ እስካለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ደርሶ መመለስ ሳይክሉንም እናንተንም ይፈትናል፤ አንድ ነገር ቢላላ እየገፋችሁ ትመለሳላችሁ። ከዚያ ራቅ ካላችሁ የመንገዱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ ብቻችሁን አትውጡ፣ የምትመለሱበትን ሰዓት ለቤት ተናገሩ።

ዳገቱ ቢያሸንፋችሁ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም። ቁልቁለቱ ላይ ግን ከፍሬናችሁ ሌላ የሚያቆማችሁ የለም።

ሳይክል ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ይህን አካፍሉት።