ዘላይ ሸረሪትና የፎቶግራፍ ብርሃን

በአምስት ኪሎ የብሔራዊ ሙዚየምን ደጅ ከሚረግጠው ሰው አብዛኛው የሚመጣው በ1974 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውን የድንቅነሽን ነገር ለማየት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በአካባቢው ግንብ ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን፥ ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጠውን ዘላይ ሸረሪት ግን ልብ ብሎ የሚመለከተው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የሸዋ ሸረሪቶች በሳይንስ መጽሐፍ የተመዘገቡት አዲስ አበባ ራስዋ ከመቈርቈርዋ በፊት ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። በ1876 ዓ.ም. የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር የላከው ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ወደ ሸዋ መጣ። ንጉሥ ምኒልክም በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የሚባለውን ስፍራ ሰጡት። አንቲኖሪ በዚያ ተቀምጦ ወፉንም ነፍሳቱንም ሲሰበስብ ቈይቶ በ1882 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ፒዬትሮ ፓቬዚ የተባለው ሊቅ ስለ ሸዋ መንግሥት ሸረሪቶች የጻፈውን ጥናት በጄኖቫ ሙዚየም መጽሔት አሳተመ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቫንዳ ቬሶሎቭስካና ቤአታ ቶማሼቪች የተባሉ የፖላንድ ሊቃውንት ስለ ኢትዮጵያ ዘላይ ሸረሪቶች ብቻ ጽፈው፥ ቀድሞ ያልታወቁ ብዙ ዓይነቶችን ስም ሰጡ።

እነዚህ ሊቃውንት የሠሩት ሥራ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በአልኮል የተቀመጠ ሸረሪት ቅርጹ ይጠበቃል እንጂ ቀለሙ ይደበዝዛል። ለዘላይ ሸረሪት ደግሞ ቀለም ማለት ቋንቋ ነው፤ ወንዱ ሴቲቱን የሚለምነው እግሩን እያነሣ የፊቱን ጌጥ በማሳየት ነውና። ይህን ሊያስቀርልን የሚችለው የሕይወቱ ፎቶግራፍ ነው።

ታዲያ በአንቲኖሪ ዘመን ስለምን አልተነሣም? ምክንያቱ የብርሃን እጥረት ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሡ በነበረበት ጊዜ እንኳ፥ የሚነሣው ሰው ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። መኳንንቱ «አይንቀሳቀሱ» ሲባሉ ይታዘዙ ነበር፤ ሸረሪት ግን ለማን ይታዘዛል!

ችግሩን በቍጥር ብናስረዳው ይሻላል። አንድን ነገር በቁመቱ ልክ ለማንሣት ሌንሱ ከፊልሙ ስለሚርቅ፥ ብርሃኑ በአራት እጥፍ ስፋት ላይ ይበተናል። የሸረሪቱ ዓይንም እግሩም ጥርት ብሎ እንዲታይ የሌንሱን ቀዳዳ ከ2.8 ወደ 11 ብናጠብበው፥ የሚገባው ብርሃን በ16 እጥፍ ያንሳል። ይህ ሲባዛ 64 ይሆናል፤ በሰከንድ አንድ ስድሳኛ ይነሣ የነበረው ሥዕል አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል ማለት ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሸረሪቱ ዘሎ ከዓይናችን ይሰወራል።

በ1931 ዓ.ም. ሃሮልድ ኤጀርተን በአሜሪካ የሠራው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይህን ፈታው፤ ብልጭታው ከሰከንድ አንድ ሺኛ ያነሰ ነውና። ዛሬ ፎቶግራፍ አንሺዎች ብልጭታውን በነጭ ወረቀት ወይም በስስ ጨርቅ ይጋርዱታል፤ ያለዚያ በትልልቆቹ የፊት ዓይኖች ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ያብረቀርቃል። እኛ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፥ ብርዱ ሸረሪቱን አደንዝዞ ሳለ፥ ካሜራን በሦስት እግር አቁሞ በጎሕ ብርሃን ማንሣትን እንመርጣለን። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሸረሪቱም ራሱ የብርሃን ነገር አለበት። የጃፓን ሊቃውንት በ2012 ዓ.ም. እንዳሳዩት፥ ይህ ፍጥረት ርቀትን የሚለካው በዓይኑ ውስጥ ባለው ብዥ ያለ ምስል ሲሆን፥ ለዚህም አረንጓዴ ብርሃን ያስፈልገዋል። በቀይ ብርሃን ብቻ ሲሆን ከአደኑ ሳይደርስ ይወድቃል። የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ጥቍርና ነጭ ሥዕል ያጥቡ በነበረበት ዘመን ወረቀቱ እንዳይቃጠል በጨለማ ክፍል ያበሩት የነበረው መብራት ቀይ ነበር።

ይሁንና ፎቶግራፍ ብቻውን ዓይነቱን ለይቶ አያሳውቅም፤ ብዙዎቹ የሚለዩት የመራቢያ አካላቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ የተነሣለት ሸረሪት ራሱ በአልኮል ገብቶ፥ የተገኘበት ስፍራ፥ ዕለቱና የቦታው ከፍታ ተጽፎ፥ ከሥዕሉ ጋር በአንድ ቍጥር መቀመጥ አለበት። ለዚህም ወደ ጄኖቫ መሄድ አያሻም፤ ከአምስት ኪሎ ቍልቍል አራት ኪሎ ሲወርዱ በዩኒቨርሲቲው ግቢ የእንስሳት ሙዚየም አለ።