ውሻን እባብ ማስፈራት ከየት መጣ?

አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት ስለ ሰው ነው። አሜሪካኖች ግን ነገሩን ሙያ አድርገውት ገንዘብ እየተከፈላቸው ለውሻ ያስተምሩታል። በአሪዞና፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ወይም በቴክሳስ የምትኖሩ ወገኖች ማስታወቂያውን ሳታዩት አልቀራችሁም፤ ውሻችሁን አምጡ፣ ከእባብ መሸሽ እናስተምርላችኋለን ይላል። ውሻው አንገት ላይ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሰሪያ ይታሰራል። አፉ የታሰረ ወይም በሳጥን የተዘጋ እባብ ፊት ያቀርቡታል። ለማሽተት አፍንጫውን ሲዘረጋ አሰልጣኙ ቁልፉን ይጫናል። ውሻው ጮኾ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ጭካኔ ይመስላል። ከመፍረዳችን በፊት ግን ታሪኩን እንየው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

እባቡ ራትል ስኔክ ይባላል። ከአሜሪካ አህጉር ውጭ አይገኝም፤ የእኛ ቆላ እፉኝት የሩቅ ዘመዱ ነው። ቆዳውን በገፈፈ ቁጥር ጅራቱ ጫፍ ላይ አንድ ቀለበት ይጨመርለታል፤ ሲያርገበግበው እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። «አለሁ፣ አትጠጋኝ» ማለቱ ነው። አሜሪካኖች ገና የእንግሊዝ ቅኝ ተገዢ ሳሉ የወደዱለት ይህንን ጠባይ ነው። በ1751 ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ እንግሊዝ ወንጀለኞቿን ወደ አሜሪካ መላኳ ቢያበሽቀው፣ በምላሹ ራትል ስኔክ እንላክላት ብሎ በጋዜጣው አላገጠባት። በ1775 መጨረሻ ክሪስቶፈር ጋድስደን የተጠቀለለ ራትል ስኔክ ያለበትን፣ «አትርገጠኝ» የሚል ቢጫ ሰንደቅ ይዞ ብቅ አለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የወጣ፣ የፍራንክሊን ነው ተብሎ የሚታመን ጽሑፍም እባቡን ሳያስጠነቅቅ የማይነድፍ ጨዋ ብሎ አወደሰው። (ሰንደቁ ዛሬም በየመኪናው ላይ አለ። እባቡን ግን ቴክሳስ ውስጥ በስዊትዋተር ከተማ ከ1958 ጀምሮ በየዓመቱ እየሰበሰቡ በአደባባይ ቆዳውን ይገፉታል። የክብሩ ነገር ይኸው ነው።)

ችግሩ፣ ማስጠንቀቂያው ለውሻ አይገባውም። ሰው ድምፁን ሲሰማ ያፈገፍጋል፤ ውሻ ደግሞ «ምን ይሆን?» ብሎ አፍንጫውን ይሰዳል። ብዙውን ጊዜ የሚነደፈው ፊቱንና የፊት እግሩን የሆነውም ለዚህ ነው። ድሮ ይህ የአዳኝና የከብት አርቢ ውሻ ጣጣ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ከተማው በረሃውን እየበላ ሄደ። የፊኒክስ ነዋሪ በ1950 ወደ 107 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ2020 ከ1.6 ሚሊዮን በልጧል። እባቡ ይኖርበት የነበረው ድንጋያማ ተረተር የሰው ጓሮ ሆነ። እባቡ አልመጣብንም፤ እኛ ነን የሄድንበት። ስለ ሥልጠናው የሚከራከሩት ሁሉ ይህን ዘለው ማለፋቸው ይገርመኛል።

ማሰሪያውም የአደን ልጅ ነው። የታለመለትን አውሬ ትቶ አጋዘን የሚያሳድድ ውሻን ከሩቅ ለመቅጣት በ1960ዎቹ አዳኞች ይጠቀሙበት ነበር።

ፍርሃት በትምህርት እንደሚመጣ ግን ቀደም ብሎ ታውቋል። በ1920 ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር «አልበርት» ላሉት ሕፃን ነጭ አይጥ እያሳዩ፣ ከጀርባው ብረት በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት። ሕፃኑ አይጧን ፈራ። ቀጥሎ ጥንቸልም፣ ውሻም፣ የፀጉር ካፖርትም ፈራ። በልጥ በረየ ማለት ይህ ነው። ፍርሃቱን ሳያስለቅቁት ነው ያሰናበቱት።

በ1966 ደግሞ ጆን ጋርሲያና ሮበርት ኬሊንግ አይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ በኤሌክትሪክ የተነዘረ አይጥ ሕመሙን ከብርሃንና ከድምፅ ጋር እንጂ ከጣዕም ጋር እንደማያያይዘው አሳዩ። ስለዚህ ሕመሙ የምን እንደሆነ የሚወስነው የሚማረው እንስሳ ነው። አሰልጣኙ ቁልፉን ጥቂት ቢያዘገይ፣ ውሻው ንዝረቱን በባለቤቱ ወይም በአጠገቡ በሚያልፍ ሕፃን ሊያሳብብ ይችላል። ጥንቁቅ አሰልጣኝ የእባቡን መልክ፣ ድምፅና ሽታ ለየብቻ የሚያስተምረውም ለዚህ ነው።

ዌልስ በ2010 ማሰሪያውን በሕግ ከልክላለች። ራትል ስኔክ በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣት ይቀላል። ንዝረት የማይፈልጉ አሰልጣኞች የእባብ ሽታ ሲያገኘው ወደ ባለቤቱ የሚሮጥ ውሻ በሽልማት ያሠለጥናሉ። ደግ ሐሳብ ነው። ግን ሌሊት ጓሮ ውስጥ ብቻውን ያለ ውሻ ወደ ማን ይሮጣል?

እኔን ብትጠይቁኝ፣ በሰለጠነ እጅ አንድ ቀን የሚሰጥ ንዝረት ከመርዝ ይሻላል። የማልስማማው ማሰሪያው ከሥልጠናው ሜዳ ቤት ድረስ ተከትሎ ሲገባ፣ ውሻው ስለ ጮኸ፣ ምንጣፍ ስላበላሸ ሲነዘር ነው። ያኔ የሚፈራው እባብን ሳይሆን እኛን ነው። (ነገሩን ወደ ፖለቲካ ልወስደው አልፈልግም፤ አንባቢ የፈለገውን ያስብ።)

ደግሞም ትምህርቱ ይረሳል፤ ብዙ አሰልጣኞች በየዓመቱ መልሳችሁ አምጡት ይላሉ። የሰለጠነውም ሣር ውስጥ የተኛ እባብ ሳያይ ሊረግጥ ይችላል። ከተነደፈ ቁስሉን መብጣትም ሆነ መርዙን መምጠጥ አይጠቅመውም። ብዙ ሳይራመድ ተሸክማችሁ በፍጥነት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት፤ ክሊኒኩ መርዝ ማርከሻው እንዳለው በስልክ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዱ ብልቃጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል።