የጀበና ጆሮ

እስቲ ጠጋ በሉ። የማወራችሁ ተረት አይደለም፤ ዓመቶቹም ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።

በ1917 እንግሊዝ አገር ሲድከፕ ላይ፣ ፊታቸው በጦርነት የተበላሸ ወታደሮች የሚታከሙበት ሆስፒታል ነበር። ሐኪሙ ሃሮልድ ጊሊስ ይባላል፤ ትውልዱ ኒውዚላንድ ነው። አንድ ቀን በባሕር ውጊያ ፊቱ የነደደ መርከበኛ ቀረበለት። ጊሊስ ከደረቱ ቆዳ ገፎ፣ አንዱን ጫፍ ሳይቆርጥ ወደ ፊቱ ሊያዞረው ሲል ጠርዙ ወደ ውስጥ ሲጠቀለል አየ። መርፌና ክሩን አነሣ፤ ግራና ቀኙን ገጥሞ ሰፋው። ቆዳው ቱቦ ሆነ! ጥሬ ሥጋው ወደ ውስጥ ስለተሸሸገ ጀርም መግቢያ አጣ፤ ደሙም በቱቦው ውስጥ ይመላለሳል። ያኔ ፔኒሲሊን የት አለና። (ኦዴሳ የነበረው ሐኪም ፊላቶቭም ለብቻው እዚሁ ዘዴ ላይ ደርሷል፤ የሱን ታሪክ ለሌላ ቀን።)

ሁለቱም ጫፎቹ ገላ ላይ ተተክለው መሐሉ ብድግ ያለ ነገር፤ የጀበና ጆሮ በሉት። አንዱ ጫፍ ተቆርጦ አዲሱ ቦታ ላይ ይሰፋል። ሳምንታት ይጠበቃል። እዚያ ደም ማግኘቱ ሲረጋገጥ ሌላው ጫፍ ይነሣል። ቆዳው እንደ አባጨጓሬ ገላ ላይ እየተሳበ ይሄዳል ማለት ነው።

በ1946 ማይክል ዲሎን ወደ ጊሊስ መጣ። ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ፣ ሆርሞን ወስዶ በወንድነት የሚኖር፣ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ሕክምና የሚማር ሰው ነው። እስከ 1949 ድረስ ቢያንስ 13 ጊዜ ለቀዶ ጥገና ተኛ። ከቆዳው የወንድ ብልት ተሠራለት፤ በቱቦ ውስጥ ቱቦ፣ የውስጠኛው ለሽንት። ቁስሉ አመርቅዞ ሲያነክስ፣ ለጓደኞቹ የጦርነት ጉዳት ነው ይላቸው ነበር። ጊሊስም መዝገቡ ላይ የሽንት ቀዳዳው ያለ ቦታው የወጣ በሽተኛ ብሎ ጻፈለት። በእኛ ቋንቋ እንኳ ያ የሰውነት ክፍል ኀፍረት ነው የሚባለው፤ ቢደብቁት ምን ይገርማል?

ዲሎን በ1951 ሐኪም ሆነ፤ በመርከብ ላይ ሠራ። በ1958 ግን ሁለት የመኳንንት የዘር መጻሕፍት አልስማማ አሉ፤ አንዱ ወንድ፣ ሌላው ሴት ብሎ መዝግቦታል። ጋዜጠኞች ያለበት ድረስ መጡ። ወደ ሕንድ ሸሽቶ በቡድሂስት ገዳም ጀማሪ መነኩሴ ሆነ፤ በ1962 በ47 ዓመቱ እዚያው ሕንድ አረፈ።

ጊሊስን ያን ያህል ያዘገየው ደም ነው። የደም ሥሩን አብሮ ቆርጦ ሌላ ቦታ የሚቀጥልበት መላ አልነበረውም። በ1984 ቻይናውያኑ ቻንግና ሁዋንግ የወንድ ብልት ለመሥራት ከክንድ ላይ ቆዳውን ከደም ሥሩ ጋር ቆርጠው አዲሱ ቦታ ላይ መቀጠላቸውን አሳወቁ። የወራቱ ሥራ የአንድ ቀን ሆነ።

ታዲያ ክንዱ ከመነካቱ በፊት አንድ ፈተና አለ። ታካሚው ጡጫውን ይጨብጣል፤ ሐኪሙ አንጓው ላይ ሁለቱንም የደም ሥሮች ይጫናል። መዳፉ ሲከፈት ወረቀት መስሏል። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ሲለቀቅ ቶሎ ከቀላ፣ እጁ በአንዱ መኖር ይችላል። ቆዳው ከጭን የሚወሰድ ከሆነ ግን በጣት አይሆንም፤ እዚያ የደም ሥሩ አወጣጥ ከሰው ሰው ይለያል። ስለዚህ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ ሲቲ ስካን ይነሣል፤ ሐኪሙ የቱ ጋ እንደሚቆርጥ አስቀድሞ ያያል። የሚያስቸግረው የሽንት ቧንቧው ነው፤ ይጠባል፣ አንዳንዴም በጎን ያፈሳል። ያን ጊዜ ቀለም በቧንቧው ገብቶ ራጅ ይነሣል፤ የጠበበውም የሚያፈሰውም ቦታ ፊልሙ ላይ ይታያል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባለው ሌሊት ነርሷ በየሰዓቱ ትመጣለች። ዶፕለር የሚሉትን፣ እስክሪብቶ የሚያክል መሣሪያ አዲሱ ቆዳ ላይ ታስጠጋለች። ሽው… ሽው… ሽው… ይላል ደሙ። ሰዓቱን ጽፋ ትወጣለች።