ዘውድና ልጅነት፤ የሴቶች ነጋሥያን ዜና

ከአርባ ምንጭዋ ሲቀላ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ዳር የወረደ ሰው አባያን ቀይ አፈር እንደ ተበጠበጠበት ውኃ ደፍርሶ ያገኘዋል፤ ይህንም ሐይቅ በዐድዋ ዘመን ግድም በዚህ ያለፈው ቦቴጎ የተባለው የጣልያን መንገደኛ የባለቤቶቹን አጠራር ትቶ በንጉሡ በኡምቤርቶ ሚስት በማርጌሪታ ስም ሰይሞት ነበር። ያቺ ማርጌሪታ ግን የንጉሥ ሚስት እንጂ ራሷ ነጋሢ አልነበረችም፤ በጣልያን ቤተ መንግሥት ሕግ ዘውድ ለሴት አይወርድም ነበርና። እንግዳው ስሟን ይዞ የመጣላት ንግሥት በሀገሯ ዙፋን የማይገባት ሆና ሳለ፣ ሐይቁ ያለባት ሀገር ደግሞ ሃያ ዓመት ያህል ቆይታ ሴት ልታነግሥ መሆኗን ሳስብ ነገሩ ያስገርመኛል።

በሐይቁ አጠገብ ያለው ጋሞም የራሱ የመንግሥት ሥርዓት ነበረው። በደጋው ላይ እያንዳንዱ ሀገር ካዎ በሚባለው ንጉሡ ሲተዳደር፣ ክርክሩ ዱቡሻ በሚባለው ጉባኤ ሲዳኝ፣ ካዎነት ከአባት ወደ በኩር ወንድ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ሲቀላ ውስጥ እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ የሚያሳልፍ አንድ የዶርዜ ሸማኔ፣ «አባባ፣ ካዎው ወንድ ልጅ ባይወልድስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ ዐይኑን ከድሩ ሳያነሣ፣ «ወንድሙ አለ ልጄ፤ የወንድሙም ልጅ አለ» አለኝና ሸማውን መታ አደረገው። የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚለው የሰሜኑ ዙፋን ግን በዚህ ቀላል መልስ ሁልጊዜ አልዳነም።

የዙፋኑ ሕግ በክብረ ነገሥት ተጽፏል። በዚያ መጽሐፍ ንግሥተ ሳባ ማክዳ ከሰሎሞን የወለደችውን ምኒልክን ስታነግሥ፣ ከዚያ ወዲያ በኢትዮጵያ ሴት እንዳትነግሥ፣ ከዳዊት ዘር የሆነ ወንድ ብቻ እንዲነግሥ ተደነገገ፤ እንግዲህ ሴትን ከዙፋን ያገደው ሕግ በሴት ዙፋን ላይ የቆመ ነው። ሕጉ ግን ንጉሡ ሕፃን በሆነ ጊዜ ማን እንደሚገዛ አላሰበምና፣ በዚያ ስንጥቅ ሴቶች ገቡ። ከሐድያው ገራድ የተወለዱት እቴጌ ዕሌኒ በ1500 ዓ.ም. ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ መንግሥቱን አቀኑ፤ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ልከው ወዳጅነት የጠየቁትም እርሳቸው ናቸው። እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ባላቸው በካፋ በ1723 ዓ.ም. ግድም ሲሞቱ ከሕፃኑ ልጃቸው ከኢያሱ ጋር ዘውድ ጭነው ብርሃን ሞገሳ ተባሉ፤ ጎንደርንም ከቁስቋም ሆነው ገዙ። ሁለቱም በልጅ ንጉሥ ስም ገዙ እንጂ በራሳቸው ልደት አልነበረም።

በራሷ ልደት የነገሠችው ዘውዲቱ ናት፤ ዜናውም ረዘም ያለ ትረካ ይገባዋል።

ዳግማዊ ምኒልክ በሕመም በተያዙ ጊዜ በሕይወት ያለ ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና፣ የልጃቸው የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ ኢያሱ በግንቦት 1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ሆኖ ታወጀ። ልብ በል አንባቢ፤ ዘውዱ በሴት ማሕፀን አልፎ ወደ ወንድ እንዲደርስ ሲፈቀድ፣ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ግን በሕይወት ቆማ ሳለ ታልፋለች። ኢያሱ ዘውድ ሳይጭን ሰባት ዓመት ቆየ፤ ከዚያም መኳንንቱና ካህናቱ ተሰብስበው፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ለኢያሱ የተገባውን የቃል ኪዳን መሐላ ፈትተው፣ በመስቀል ዕለት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሻሩት። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ተነሥተው በጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ተሸነፉ፤ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ በአራዳ ጊዮርጊስ ተቀብተው ንግሥተ ነገሥታት ዘኢትዮጵያ ተባሉ።

ነገር ግን ዘውዱ ሁለት ውል ነበረው። አንደኛው ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ እንዲሆኑ፤ ሁለተኛው ዘውዲቱ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለዩ ነበር። ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸውና፣ መኳንንቱ የሴትዮዋ ባል በሴትዮዋ ስም ይገዛል ብለው ሰጉ፤ ስለዚህ እርሳቸው ወደ በጌምድር ሄደው ገዙ፣ ንግሥቲቱም በቤተ መንግሥቱ ብቻቸውን ቀሩ። እኔ እንደማየው ውሉ ዘውዲቱን ከዙፋን ሳይሆን ከትዳር ነው ያገዳቸው፤ ተፈሪ ግን አልጋ ወራሽ ሆነው ከወይዘሮ መነን ጋር እንደ ኖሩ ኖሩ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ አልዘረዝርም። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ.ም. ሲሞቱ ንግሥቲቱ ትልቁን መከታ አጡ፤ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። በ1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ጦር አስነሡ፤ አውሮፕላን በራሳቸው ላይ ወረቀትና ቦምብ ሲያዘንብ አንችም ላይ መጋቢት 22 ቀን ወደቁ። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ንግሥት ዘውዲቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ አረፉ። ሕመሙ የቆየባቸው ቢሆንም ሰው የሁለቱን ቀን መቀራረብ አይቶ ብዙ አወራ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ እቴጌ መነንም በዚያው ዕለት አብረው ዘውድ ጫኑ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ዘውዱ ከወንድ ወደ ወንድ እንዲተላለፍ ደነገገ፤ በዚያው ሕግ ሁለተኛ ዘውዲቱ ልትነግሥ አትችልም ነበር። ንግሥቲቱ ለአባታቸው ባሠሩት በበዓታ ለማርያም፣ ከምኒልክና ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ተቀብረዋል።