ካምቢዮ የሌላት መኪና

ካምቢዮ የላትም፣ ፍሪሲዮን የላትም፣ ሞተሪኖም የላትም። እኔ ደግሞ ልጆቼን ያሳደግሁት የእነዚህን የሦስቱን ብልሽት እየጠገንሁ ነው። ስለዚህ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ማሳቹሴትስ፣ ዎልታም ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለች መኪና ስገጣጥም ሚስቴ ትስቃለች። «ዕድሜህን ሙሉ የሰው መኪና ስትፈታ ኖረህ፣ አሁን ደግሞ ባቡር ልትገጥምልኝ ነው?» ትለኛለች። የምገጥማት በ1900 ገደማ ትሸጥ የነበረችውን የሎኮሞቢል የእንፋሎት መኪና ቅጂ ነው። ዕቃው ከእንግሊዝ አገር በየሣጥኑ ተከፋፍሎ ይመጣል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ አለዚያ እኔም እጠፋለሁ።)

የመጀመሪያዋ የተሠራችው ከዚሁ ከእኔ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ በኒውተንና በዋተርታውን ድንበር አካባቢ ነው። የሠሯት ፍራንሲስና ፍሪላን ስታንሊ በ1849 ሜይን ግዛት ኪንግፊልድ የተወለዱ መንትዮች ነበሩ። ገንዘብ ያገኙት ከመኪና አልነበረም፤ ለፎቶግራፍ የሚያገለግል መስታወት በማምረት ነው። ያንን ንግድ በኋላ ለኮዳክ ሸጡት። በ1897 መኪናቸውን ሠርተው ጨረሱ፣ በ1898 ኅዳር ላይ ኬምብሪጅ ውስጥ ለሕዝብ ሲያሳዩዋት የገዢ ትእዛዝ ጎረፈባቸው። በዓመቱ ጆን ብሪስበን ዎከር የተባለ የመጽሔት አሳታሚ መጥቶ ሽጡልኝ ብሎ ነዘነዛቸው። እንዲተዋቸው ብለው 250 ሺህ ዶላር ጠሩበት ይባላል። ሰውየው አሜን ብሎ ከፈለ። ለክፍያው ያገዘው በአስፋልት ሥራ የከበረው አምዚ ባርበር ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ሁለቱ ተጣልተው ተለያዩ፣ የሎኮሞቢል ስም ለባርበር ደረሰ። መኪናዋ በ600 ዶላር ትሸጥ ጀመር። በ1899 ነሐሴ ማብቂያ ፍሪላን ባለቤቱን ፍሎራን አስቀምጦ 1,917 ሜትር ከፍታ ያለውን የዋሽንግተን ተራራ ወጣባት፤ ሁለት ሰዓት ከምናምን ፈጀባቸው።

ከሣጥኖቹ ሁሉ በጉጉት የከፈትሁት የቦይለሩን ነው። ተበይዶና ግፊቱ ተፈትኖ፣ ከነወረቀቱ ነው የመጣው። ቦይለር ማንም በጓሮው እየበየደ መንገድ ላይ የሚያወጣው ነገር ስላልሆነ ይህ አያስከፋኝም። የጥንቱ ግን ሌላ ነበር። ስፋቱ 36 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ አጭር ከበሮ ነው፤ በውስጡ ወደ 300 የሚጠጉ ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ከታች ወደ ላይ ቆመዋል። እሳቱ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፣ ውሃው በዙሪያቸው ይፈላል። ከበሮው ቀላል እንዲሆን ቆርቆሮውን ስስ አድርገው፣ ላዩን የፒያኖ ሽቦ ጥቅጥቅ አድርገው ጠመጠሙበት። ሽቦው ግፊቱን ይይዛል። ውሃ ሲያልቅ ደግሞ ከበሮው ከመፈንዳቱ በፊት ቱቦዎቹ ከጫፋቸው ማንጠባጠብ ይጀምራሉ። በዚያ ዘመን የሐኪምና የነጋዴ ሚስት ቦይለር መቀመጫዋ ሥር አድርጋ ትሄድ የነበረው በዚህ ተማምና ነው።

ሞተሩ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነው። እንፋሎቱ ፒስተኑን ከላይም ከታችም ስለሚገፋው፣ መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ ሙሉ ጉልበቷን ይዛ ነው። ካምቢዮና ፍሪሲዮን የማያስፈልጋትም ለዚህ ነው፤ ጉልበቱ በካቴና በቀጥታ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። ወደ ኋላ መሄድ ሲያሻ የቫልቮቹን ማዘዣ መገልበጥ ይበቃል። ለአንድ መካኒክ ይህ ገነት ነው። በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 4,192 መኪኖች 1,681ዱ የእንፋሎት፣ 1,575ቱ የኤሌክትሪክ፣ የቤንዚኖቹ 936 ብቻ መሆናቸው አይገርመኝም።

ታዲያ ምን ነካት? «የነዳጅ ኩባንያዎች ገደሏት» የሚል ወሬ እሰማለሁ። አይዋጥልኝም፤ እሷ ራሷ የምታቃጥለው ቤንዚን ነው! ምድጃዋ አሠራሩ እንደዚያ በፓምፕ እንደሚነፋው የላምባ ምድጃ ነው፤ ነዳጁ ቀድሞ ሞቆ ወደ ጋዝ ካልተለወጠ አይነድም። ስለዚህ ጠዋት መጀመሪያ ማቀጣጠያውን ታሞቃለህ፣ ከዚያ እሳቱን ትለኩሳለህ፣ ከዚያ ግፊቱ እስኪወጣ ትጠብቃለህ፣ እግረ መንገድህን ዘይት ትቀባለህ። ከተነሳህም በኋላ ዓይንህ መንገዱ ላይ ብቻ አይውልም። የውሃው መጠን ማያ መስታወት ያለው ከመቀመጫው ጎን ስለሆነ፣ ነጂው እንዲያየው ከፊቱ ትንሽ መስተዋት ተተክላለታለች፤ መኪናዋ እየሄደች እሷን ሰረቅ እያደረገ ማየት አለበት። እንፋሎቱ አንዴ ካገለገለ በኋላ አየር ላይ ስለሚበተን ደግሞ ውሃው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል። ደራሲው ራድያርድ ኪፕሊንግ ሎኮሞቢል ነበረው፤ ሲያማርርባት ኖሯል።

እኛም አገር ቢሆን ከእንፋሎት ጋር ትውውቅ ነበር። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ለምኒልክ ያመጣው የእንፋሎት መጎተቻ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ አዲስ አበባ ላይ ስሙ ቀርቷል። በ1907 እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ጀምሮ እየነዳ ቤተ መንግሥት ያደረሳት ዎልስሊ መኪና ግን የቤንዚን ነበረች።

ቤንዚኗም ያኔ ጉዷ ብዙ ነበር። ማኖቬላው ስንቱን ክንድ ሰብሯል። ቻርልስ ኬተሪንግ የፈለሰፈው የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ በ1912 ካዲላክ ላይ ሲገጠም ያ ችግር ተወገደ፤ እንፋሎቷ ግን ጠዋቷን ማሳጠር አልቻለችም። በ1914 የከብት አፍና እግር በሽታ አሜሪካን ሲያምስ፣ የእንፋሎት ነጂዎች ውሃ የሚቀዱባቸው በየመንገዱ ያሉ የፈረስ ገንዳዎች ተዘጉ። ከሽያጩ በኋላ ወደ መኪና ሥራ የተመለሱት ስታንሊዎች በ1915 ሞዴላቸው ላይ እንፋሎቱን መልሶ ውሃ የሚያደርግ ኮንደንሰር ጨመሩ። ይህ ክብደትና ወጪ ነው። ፍራንሲስ በ1918 በመኪና አደጋ ሞተ። ኩባንያው በ1924 ሲዘጋ የፎርድ ሞዴል ቲ ዋጋ ከ300 ዶላር በታች ወርዶ ነበር።

የእኔዋ የ1900 ቅጂ ስለሆነች ኮንደንሰር የላትም፤ አልጨምርባትምም። የሚቀጥለው ሣጥን ይዞ የሚመጣው ቦይለሩን ዙሪያውን የሚያቅፈውን የውሃ ታንከር ነው። ለጉዞ አንድ ጀሪካን ከኋላ አስራለሁ፣ ዋተርታውን መንገድ ላይ ደግሞ የጓሮ ቧንቧ ያለው አንድ የአገሬ ልጅ አለ።