ሉዶልፍ፦ የአንድ ብርቅ የጀርመን ስም ታሪክ

በ1698 ዓ.ም. በጀርመን ሀገር በፍራንክፈርት ከተማ ስለ አማርኛ ሁለት መጻሕፍት ታተሙ፤ አንደኛው ሰዋስው፣ ሁለተኛው የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የነገሥታቱ ዜና መዋዕልና የቤተ ክህነቱ ድርሰት በግእዝ ይጻፍ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ የሕዝቡ መነጋገሪያ የሆነው አማርኛ ሕግጋቱ ተለይተው፣ ቃላቱ ተሰብስበው ለኅትመት ሲበቁ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሁለቱም መጻሕፍት ደራሲ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። የሰውየው ሥራ በኢትዮጵያ ጥናት ታሪክ በተደጋጋሚ ተወስቷል። የስሙ ታሪክ ግን ብዙ አልተነገረለትም። ሉዶልፍ በገዛ ሀገሩ እንኳ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ የሚጠሩበት ብርቅ ስም ነው፤ ብርቅ የሆነበትም ምክንያት ሰው በመጀመሪያ ከሚገምተው የተለየ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ስለ ጀርመኖች የቤተሰብ ስም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ሀገር ልጅ የራሱን ስም አስቀድሞ የአባቱን ያስከትላል፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ የአያቱ ስም ቦታውን ለሌላ ለቅቆ ይሄዳል። ጀርመኖችም እስከ 12ኛው መቶ ዓመት ድረስ ከዚህ እጅግ የራቁ አልነበሩም። አንድ ሰው አንድ ስም ይበቃው ነበር። በራይን ወንዝ ዳርቻና በደቡብ ያሉት ከተሞች እየሰፉ፣ ንግዱና የእጅ ሙያው እየደራ ሲሄድ ግን በአንድ የግብር መዝገብ ላይ ብዙ ዮሐንሶችና ብዙ ሃይንሪሾች ተደረደሩ። ጸሐፊው እነርሱን ለመለየት በእያንዳንዱ ስም ላይ ሌላ ቃል ጨመረ፤ ለአንዱ ሙያውን፣ ለሌላው የመጣበትን መንደር፣ ለሦስተኛው መልኩን ወይም ጠባዩን፣ ለአራተኛው የአባቱን ስም። ይህ ተጨማሪ ቃል ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ በጀመረ ጊዜ የቤተሰብ ስም ሆነ። ዛሬ በጀርመን በብዛት ከሁሉ የሚቀድሙት ሙለር፣ ሽሚትና ሽናይደር የሚባሉት ስሞች ወፍጮኛ፣ ቀጥቃጭና ልብስ ሰፊ ማለት ናቸው። ልማዱ ወደ ሰሜን የደረሰው በዝግታ ነው። በሰሜን ምዕራቡ ዳርቻ በፍሪስላንድ ሕዝቡ በአባት ስም መጠራቱን ትቶ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ በ1811 ዓ.ም. የናፖሊዮን ትእዛዝ አስፈልጎታል።

ሉዶልፍ ከእነዚህ ዓይነቶች የአራተኛው ወገን ነው፤ አስቀድሞ የሰው መጠሪያ ኖሮ በኋላ የቤተሰብ ስም የሆነ። ጥንታዊ መልኩ ሊዩዶልፍ ሲሆን ሁለት ቃላት ተጋጥመው ያስገኙት ነው። ፊተኛው «ሊዩት» ሕዝብ ማለት ነው፤ የዛሬው ጀርመንኛ ሰዎችን «ሎይተ» የሚለው ከዚሁ ነው። ኋለኛው ተኩላ ነው። አዶልፍና ሩዶልፍ የሚባሉት ስሞች መጨረሻም ይኸው አውሬ ነው። «የሕዝብ ተኩላ» ብሎ መተርጎም የሚያጓጓ ቢሆንም ትክክል አይሆንም። የጥንት ጀርመኖች ሁለት ክፍል ያለውን ስም የሚያወጡት ሐረጉ ፍቺ እንዲሰጥ ብለው ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ከአባት ወገን አንድ ቃል፣ ከእናት ወገን ሌላ ቃል ወስደው ያጋጥሙ ነበር። ልጁ ከሁለት ዘር መወለዱ በስሙ ላይ ይታይ ነበር ማለት ነው።

ስሙ በመካከለኛው ዘመን የመሳፍንት ስም ነበር። በ866 ዓ.ም. የሞተው የሳክሶኖች አለቃ ሊዩዶልፍ የአንድ ሥርወ መንግሥት አባት ሆኖ ዘሮቹ በእርሱ ስም ሊዩዶልፋውያን ተብለዋል። ከእነርሱ አንዱ በ962 ዓ.ም. ሮም ላይ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫነው ቀዳማዊ ኦቶ ነው። የኦቶ ልጅም የአባቱን ቅድመ አያት ስም ወርሶ ሊዩዶልፍ ይባል ነበር፤ በ953 ዓ.ም. በአባቱ ላይ ሸፍቶ በ957 ዓ.ም. ሞቷል። ታላላቆቹ የሚጠሩበትን ስም ታናናሾቹም ለልጆቻቸው ስለሚያወጡት ስሙ በሰሜን ጀርመን እስከ ገበሬው ጎጆ ድረስ ተሰራጨ። በ1540 ዓ.ም. በሂልደስሃይም የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ሉዶልፍ ፋን ኮይለን፣ የክበብ ዙሪያ ለወርዱ ያለውን ንጽጽር እስከ 35 አኃዝ ድረስ ስላሰላ ጀርመኖች ያንን ቁጥር ለረጅም ጊዜ የሉዶልፍ ቁጥር ሲሉት ኖረዋል። እዚህ ላይ ግን ሉዶልፍ የሰውየው የግል ስም እንጂ የቤተሰቡ አይደለም።

እንግዲህ ስሙ ይህን ያህል ከታወቀ የቤተሰብ ስም ሲሆን ስለምን ብርቅ ሆነ? መልሱ በሕዝቡ አንደበት ውስጥ ይገኛል። ሰው በየዕለቱ ጎረቤቱን በሙሉ ስሙ አይጠራም፤ አሳጥሮና አቆላምጦ ነው እንጂ። በሰሜን ጀርመን ሉዶልፍ የተባለው ልጅ በእናቱ ዘንድም ሆነ በገበያ «ሉደከ» ነበር፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ከ» የቁልምጫ ቅጥያ ናት። የግብር ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ በመጣ ጊዜም የሰማውን ጻፈ። ዛሬ በጀርመን ሉደከ፣ ሉድከ፣ ሉትከ እየተባሉ የሚጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አሉ። ሁሉም ከሉዶልፍ የመጡ አይደሉም፤ በዚያው ቃል የሚጀምሩ ሌሎች ስሞችም እንዲሁ ያጥሩ ነበርና። ከፊሎቹ ግን ሳያውቁት የሳክሶኑን አለቃ ስም ተሸክመዋል። ስሙ አልጠፋም፤ ተቆላምጦ ቀረ። ሙሉው መልክ የተጠበቀው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ በሚጠራበት ቤት፣ ማለትም በተማረውና በከተማው ሹም ቤት ዘንድ ነበር።

ሌላም ምክንያት አለ። ከ13ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ወላጆች የጥንቱን የጀርመን ስም እየተዉ የቅዱሳንን ስም ማውጣት አበዙ፤ ዮሐንስ፣ ጴጥሮስና ኒቆላዎስ በየቤቱ ገቡ። የቤተሰብ ስም በሚጸናበት በዚያው ዘመን የሉዶልፎች ቁጥር እያነሰ ሄደ። ሩዶልፍ የሀብስቡርግ ነገሥታት ስም በመሆኑ ሲተርፍ ሉዶልፍ እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኘም።

በዚህ ላይ የዘዬ ልዩነት ይጨመራል። የጀርመንኛ ዘዬዎች እንደ ሀገሩ አቀማመጥ ቆላና ደጋ ተብለው ይከፈላሉ፤ የሰሜኑ ሜዳ ቆላ፣ የደቡቡ ተራራማ አገር ደጋ ነው። «ሊዩ» የሚለው ጥንታዊ ድምፅ በቆላው «ሉ» ወደሚል ሲያደላ በደጋው «ሎይ» ሆነ። ስለዚህ አንዱ ስም ሁለት መልክ አወጣ፤ ሉዶልፍና ሎይቶልፍ። የእኛው ሊቅ በ1624 ዓ.ም. የተወለደባት ኤርፉርት በሁለቱ መካከል በቱሪንጊያ የምትገኝ ከተማ ስትሆን ቤተሰቡ የሚጠራው በደጋው መልክ ነበር። ሰውየው በሀገሩ ቋንቋ ሎይቶልፍ ነበር፤ በላቲን ሲጽፍ ሉዶልፉስ ሆነ። ይህን ራሱ አልደበቀውም። በ1681 ዓ.ም. ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ በመጀመሪያ ገጹ ላይ ደራሲውን ኢዮብ ሉዶልፍ ብሎ ሲጠራ «ሌላው ስሙ ሎይቶልፍ» መሆኑን አክሎ ያስታውቃል። በዘመኑ የነበሩ ምሁራን ስማቸውን እስከማይታወቅ ድረስ ይለውጡት እንደነበር ስናስብ ይህ ጨዋነት ነው። የሉተር ባልደረባ የነበረው ሜላንክቶን የአባቱ ስም ሽቫርትዜርድት፣ ማለትም ጥቁር አፈር ነበር፤ እርሱ ወደ ግሪክኛ ተርጉሞት ጀርመንኛው ተረሳ። ሎይቶልፍ የመረጠው መልክ ግን የዚያው ስም ወንድም ነበር። ዓለም ያወቀው በሁለተኛው ነው፤ ሎይቶልፍ የሚለው ከመጽሐፍ ገጽ ውጭ እምብዛም አይሰማም።

አጻጻፉም አንድ ሆኖ አልቆየም። የስሙን የመጨረሻ ድምፅ በላቲን ፊደል በሦስት መንገድ መጻፍ ስለሚቻል አንዱ ቤት በአንድ፣ ሌላው በሁለት ፊደል፣ ሦስተኛው በግሪኮች ልማድ ጻፈው። በ1744 ዓ.ም. በበርሊን በኤሌክትሪክ ብልጭታ ኤተርን ያቀጣጠለው ሐኪም ሉዶልፍ በሁለት ፊደል የሚጽፍ ነበር። ከ1876 ዓ.ም. ጀምሮ በመላው ጀርመን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በመንግሥት ሲያዝ እያንዳንዱ ቤት በዚያ ቀን በእጁ የነበረውን አጻጻፍ ይዞ ቀረ። እንዲህ ሆኖ ጥቂት የነበረው ስም እንደገና በየቅርንጫፉ ተከፋፈለ።

የስሞችን ብዛት በትክክል ለማወቅ የተቻለው በቅርብ ጊዜ ነው። የማይንትዝና የፍራይቡርግ ሊቃውንት በ2005 ዓ.ም. በጀርመን የነበሩትን ወደ 28 ሚሊዮን የሚጠጉ የቤት ስልኮች መዝገብ መሠረት አድርገው የቤተሰብ ስሞችን ካርታ አዘጋጅተዋል፤ ሰባቱ ጥራዞች ከ2009 እስከ 2018 ዓ.ም. ታትመው ወጥተዋል። በዚያ መዝገብ ወደ 850 ሺህ የሚደርሱ የተለያዩ ስሞች ተገኝተዋል። ሙለርን የመሰሉት ጥቂቶቹ ሀገሩን ሲያጥለቀልቁት እጅግ ብዙዎቹ በጣት በሚቆጠሩ ቤቶች ብቻ ይታያሉ። ሉዶልፍ ለኋለኞቹ የሚቀርብ ነው። የዛሬው ተራ ጀርመናዊ ይህን ስም ሲሰማ ትዝ የሚሉት ደግሞ የኤርፉርቱ ሊቅ አይደለም፤ ከ2006 እስከ 2011 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የታዩት፣ ያረጁ መኪናዎችን እየፈቱ መለዋወጫ የሚሸጡት የዴርንባህ መንደር አራት ወንድማማቾች ናቸው።

ብርቅ ስም በቀላሉ ይሞታል። ስም በወንድ ልጅ ብቻ ሲወረስ፣ ሴቶች ልጆች ብቻ የተወለዱበት ቤት ዘሩ ሳይጠፋ ስሙ ይጠፋል። እንግሊዛውያኑ ጎልተንና ዋትሰን በ1874 ዓ.ም. ይህንኑ በሒሳብ መርምረው ጽፈዋል፤ ጥያቄያቸው የታላላቅ ቤተሰቦች ስም ስለምን እየጠፋ ይሄዳል የሚል ነበር። በጀርመን ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት የባሏን ስም እንድትይዝ ያስገድድ ነበር። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው መሻሻል ተጋቢዎች የሚስቲቱንም ስም መምረጥ ቻሉ። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ የቀረችለት ብርቅ ስም ከዚያ ወዲህ የመትረፍ ዕድል አገኘ።

የኤርፉርቱ ቤተሰብ ቁጥሩ ትንሽ ይሁን እንጂ በቋንቋ ጥናት ታሪክ ያለው ድርሻ ትንሽ አይደለም። የኢዮብ የወንድሙ ልጅ ሃይንሪሽ ቪልሄልም ሉዶልፍ በ1696 ዓ.ም. በኦክስፎርድ የሩስያን የንግግር ቋንቋ የሚያስተምረውን የመጀመሪያ ሰዋስው አሳተመ። የአጎትየው የአማርኛ ሰዋስው ሁለት ዓመት ቆይቶ ተከተለ። ሁለት ሕዝቦች፣ አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ስላቮንኛን፣ ሁለተኛው ግእዝን ለመጽሐፍ መርጠው በነበረበት ጊዜ፣ የዕለት ቋንቋቸው ሰዋስው በአንድ ብርቅ ስም ሥር ታተመላቸው።

ኢዮብ ሉዶልፍ አማርኛን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። በ1649 ዓ.ም. ለስዊድን ቤተ መንግሥት ሰነድ ሊፈልግ ሮም በሄደ ጊዜ በእስጢፋኖስ ገዳም ይኖሩ የነበሩትን ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። እንግዳው የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ሎይቶልፍ የሚለው ስም ለአረጋዊው መነኩሴ ጆሮ እንግዳ ይሆን ይሆናል፤ ኢዮብ የሚለው ግን ከመጽሐፈ ኢዮብ የሚያውቁት ስም ነበር። በ1652 ዓ.ም. አባ ጎርጎርዮስ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጠርቷቸው ወደ ጀርመን ተጓዙ፤ ገና እየተሠራ በነበረው በፍሪደንስታይን ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ስለ ሀገራቸው ለሚጠይቋቸው መለሱ፣ ለሉዶልፍም ቋንቋውን አስተማሩት። ከተለያዩም በኋላ በግእዝ ይጻጻፉ ነበር፤ ደብዳቤዎቻቸውም ተጠብቀዋል። በ1658 ዓ.ም. አባ ጎርጎርዮስ ወደ ሀገራቸው ለመመለስ በባሕር ሲጓዙ መርከባቸው በእስክንድሩን አጠገብ ሰጥማ ሞቱ። ሰዋስው ታትሞ ሲወጣ ከሞታቸው 40 ዓመት ሆኖታል።

ሉዶልፍ መምህሩን አልረሳም። በ1691 ዓ.ም. ባሳተመው የታሪኩ ማብራሪያ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አስቀርጾ አስገብቷል። በዚያም መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ደራሲው በሁለቱም ስሞቹ፣ በሉዶልፍም በሎይቶልፍም ይጠራል። መነኩሴው የሚወርሰው ልጅ የሌለው፣ ለራሳቸው ብቻ የሆነ ስም ነበራቸው፤ ጸሐፊዎች ከሌሎች ጎርጎርዮሶች ሊለዩአቸው ሲፈልጉ በአማራ ምድር የተወለዱበትን ቦታ፣ መካነ ሥላሴን ይጨምራሉ።